ድርጅት ይሟገት፤ የችሎቱን በር ግን አይዝጋ

በአሜሪካ አገር አንድ ሸማች በራሱና እንደ እርሱ ተበደሉ በተባሉት ሁሉ ስም አንድን ታላቅ ኩባንያ ለፍርድ የሚያቆምበት የጋራ ክስ የሚባለው ሥርዓት፣ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የተደላደለው በ1966 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት 23ኛ ደንብ በተሻሻለ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች በሁለት ጎራ ተሰልፈው፣ ገሚሱ ነጋዴውን ሁሉ ቀማኛ፣ ገሚሱ ደግሞ የሸማቹን ጠበቃ ሁሉ ዘራፊ እያለ ሲወነጃጀሉ ኖረዋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልቆምም። ኩባንያ የተከሰሰበት ነገር ሐሰት ወይም ከንቱ ሲሆን እስከ መጨረሻው ይግባኝ ድረስ መሟገቱ መብቱ ብቻ ሳይሆን ሕግንም የሚያጠራ ሥራ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ከሳሹ ገና አፉን ሳይከፍት የችሎቱን ደጃፍ መቆለፍ ሙግት ሊባል ከቶ አይችልም፤ ሕግ አውጭዎችም ሆኑ ዳኞች ይህን ልዩነት በመሳታቸው ጉዳቱ በንጹሑም ነጋዴ በተበደለውም ሸማች ላይ ደርሷል።

የጋራ ክስ ኃይሉ ከቁጥሩ ነው። ዳኛው ክሱ የጋራ ይሁን ብሎ ከፈቀደ በኋላ፣ ገንዘብ በሚጠየቅበት ነገር፣ ዕቃውን የገዛ ሰው ሁሉ በግልጽ «ከዚህ ክስ ወጥቻለሁ» ካላለ በቀር ሳያውቀውም ቢሆን ከከሳሾቹ ወገን ይቆጠራል፤ ለአንድ ሰው ጥቂት ዶላር የነበረችውም ኪሣራ በሚሊዮን ስትባዛ ድርጅትን ከመሠረቱ የምታናጋ ዕዳ ትሆናለች። ስለዚህም በንጽሕናው የሚተማመን ተከሳሽ እንኳ ዕጣውን በፍርድ ላይ ከመጣል ይልቅ ከፍሎ መገላገልን ይመርጣል። በፍርሃት የተከፈለ ገንዘብ ግን ካሣ አይባልም፤ እውነትም ሐሰትም ሳይለይበት ይቀራልና።

ለዚህ አብነት የሚሆነኝ ሳብዌይ የተባለው የሳንድዊች ኩባንያ የዳቦ ነገር ነው። በ2013 መባቻ አንድ አውስትራሊያዊ ወጣት፣ ባለ አንድ ጫማ እየተባለ የሚሸጠውን ሳንድዊች ከመለኪያ ጋር አጋድሞ ያነሣውን ፎቶግራፍ በፌስቡክ ቢያወጣው፣ 12 ኢንች መሆን የሚገባው ዳቦ 11 ኢንች ብቻ ሆኖ ታየ፤ ወሬው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ እንደ ደረሰም ጠበቆች ለመክሰስ ተሽቀዳደሙ፤ ክሶቹም በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ፣ በአንድ ችሎት ተጠቃለሉ። ነገሩ ሲመረመር ግን እጅግ የሚበዛው ዳቦ የተባለውን ርዝመት የያዘ ሆኖ ተገኘ፤ አጠር ብሎ የሚወጣውም ቢሆን እሳቱ እንዳደረገው እንጂ ሊጡ አስቀድሞ በክብደት እኩል ስለ ነበረ፣ አጭሩ የደረሰው ሰው ረጅሙ ከደረሰው ሰው አንዲት ጉርሻ ያነሰ አልበላም፤ ሥጋውና አይቡም በልክ የሚሰጥ ነበር።

የተጎዳ ሰው አለመኖሩ እንዲህ ከተገለጸ በኋላ ክሱ ሊዘጋ ሲገባው፣ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው ስምምነት ጻፉ። ኩባንያው ለ4 ዓመት ዳቦውን በመለኪያ እያስለካ ሊሠራ፣ የዳቦው ርዝመት ከመጋገር የተነሣ ሊለያይ እንደሚችል በየመደብሩ ማስታወቂያ ሊለጥፍ፣ በከሳሽነት ስማቸው ለተጻፈው 10 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 500 ዶላር፣ ለጠበቆቹ ደግሞ 520,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ዳቦውን ገዝተው ለበሉት ለብዙዎቹ ግን አንዲት ሳንቲም አልተቆረጠላቸውም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አጸደቀው፤ ከሸማቾቹ አንዱ ተቃውሞ ይግባኝ ባይል ኖሮም ጸንቶ በቀረ ነበር። የ7ኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ዳያን ሳይክስ በ2017 በጻፉት ፍርድ ስምምነቱ ተሻረ፤ ምክንያታቸውም፣ ከስምምነቱ በፊት አጭር ዳቦ ሊደርሰው ይችል የነበረው ሸማች ከስምምነቱ በኋላም ያው ዕድል ስለሚጠብቀው፣ የተጠቀመ ሰው የለም የሚል ነበር።

በዚህ ነገር የሚያስቆጨኝ የጠበቆቹ ዋጋ መብዛት ብቻ አይደለም። የተከሳሹን ንጽሕና የሚያስረዳው ማስረጃ ከወጣ በኋላ፣ ተከሳሹ ራሱ እስከ ፍርድ መዝለቅን ትቶ ሰላምን በገንዘብ ሊገዛ መስማማቱ ያስቆጨኛል፤ እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ ለሚቀጥለው ከንቱ ክስ አስቀድሞ ዋጋ ቆርጦ ይጠብቀዋልና፣ ነገ የሚከሰሰው ጎረቤቱ ዕዳውን ይወርሳል። አባቶቻችን በዐውደ ፍርድ «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲሟገቱ፣ የተረታውም የረታውም ነገሩ በሰው ሁሉ ፊት ተጣርቶ ነበር የሚሄደው። ነጋዴም እንዲህ በገሃድ ሲሟገት እኔ ከጎኑ እቆማለሁ።

ፍሬ ያለው ሙግት ምን እንደሚመስል በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትራንስዩኒየን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ያሳያል። ይህ የብድር ታሪክ የሚመዘግብ ኩባንያ በስም መመሳሰል ብቻ የ8,185 ሰዎችን መዝገብ፣ በመንግሥት ከታገዱት አሸባሪዎችና ዕፅ አዘዋዋሪዎች ስም ጋር ሊገጥም ይችላል ብሎ ምልክት አድርጎበት ነበር፤ አንደኛው ሰው በካሊፎርኒያ ከሚስቱ ጋር መኪና ሊገዛ ሄዶ፣ ሻጩ በዚህ ምክንያት ለእርሱ አልሸጥም ስላለ መኪናው በሚስቱ ስም ተገዛ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የተሳሳተው መዝገብ ለሌላ ወገን የተላለፈባቸው 1,853ቱ መክሰስ ይችላሉ፣ ስሕተቱ ከኩባንያው ቤት ላልወጣባቸው 6,332ቱ ግን ካሣ አይገባቸውም አለ። ብዙዎች ይህን ፍርድ መራራ አድርገው ያዩታል፤ ስሜታቸውም ይገባኛል። ሆኖም ኩባንያው የተጎዳውን ካልተጎዳው ለዩልኝ ብሎ በገሃድ ተከራከረ እንጂ ማንንም ከደጅ አልመለሰም።

የችሎቱን ደጃፍ የሚቆልፈው ሁለተኛው ዓይነት መከላከል ግን ከዚህ ፈጽሞ የራቀ ነው። በዚያው በካሊፎርኒያ አንድ ባልና ሚስት ስልኩ በነጻ ነው ተብሎ ከታወጀላቸው በኋላ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም የሽያጭ ግብር ቢጠየቁ፣ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለውን የስልክ ኩባንያ በጋራ ክስ ከሰሱት፤ ኩባንያውም ነጻ ማለቴ ልክ ነበር ወይም አልነበረም የሚለውን ትቶ፣ ከፈረሙት ውል ውስጥ ማንም ደንበኛ ለየብቻው በግልግል ዳኝነት ካልሆነ በቀር እንዳይከስ የሚከለክለውን አንቀጽ መዘዘ። የግዛቱ ሕግ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ርትዕ የጎደለው ነው ብሎ ይሽረው የነበረ ቢሆንም፣ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በጻፉት የ5 ለ4 ውሳኔ፣ የ1925ቱ የፌዴራል የግልግል ዳኝነት ሕግ ይበልጣል ብሎ ለኩባንያው ፈረደ። ሐቁን ላለመደበቅ፣ የዚያ ኩባንያ ውል ከሌሎቹ ይልቅ ለሸማቹ የሚራራ ነበር፤ ገላጋዩ ኩባንያው ካቀረበው ገንዘብ አብልጦ ከፈረደለት ቢያንስ 7,500 ዶላር ይሰጠው ነበር። ነገር ግን ስለ 30 ዶላር ብሎ ብቻውን ጊዜውን የሚሠዋ ሰው፣ ስለዚህችም ገንዘብ ጉዳዩን የሚይዝ ጠበቃ ከየት ይገኛል? ከተቃወሙት ዳኞች ስቲቨን ብራየር የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚያጠግብ መልስ አላየሁበትም።

በአገራችን ማንም ደሀ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሲጮህ ባለ ጋራው የቱንም ያህል ጌታ ቢሆን እርምጃውን እንዲገታ ልማድ ያዝዘው እንደ ነበር ለምናውቅ ሰዎች፣ ስልክ ለመግዛት ሲባል በደቃቅ ፊደል በተጻፈ አንቀጽ ከወገን ጋር ሆኖ አቤት ማለትን አስቀድሞ መካድ ኅሊናን የሚያቆስል ነገር ነው። በ2017 የሸማቾችን የገንዘብ ጉዳይ የሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ባንኮችና የብድር ድርጅቶች የጋራ ክስን በውል እንዳይከለክሉ የሚያግድ ደንብ ቢያወጣ፣ በዚያው ዓመት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 50 ለ50 ተከፍሎ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ማይክ ፔንስ በሰጡት ድምፅ ደንቡ ተሻረ።

በሩን የዘጉትም ቢሆኑ ዕረፍት አላገኙም። ጠበቆች በሺህ የሚቆጠሩ ደንበኞችን ለየብቻቸው ወደ ግልግል እየላኩ ኩባንያዎቹን በውላቸው ቃል ያዟቸው፤ አማዞን አሌክሳ በሚባለው መሣሪያው የተነሣ ከ75,000 በላይ የግልግል ጥያቄ ሲጎርፍበትና ለእያንዳንዱ የመዝገብ መክፈቻ መክፈል ሲጠበቅበት፣ በ2021 አንቀጹን ከውሉ አውጥቶ ደንበኞቹ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄዱ ፈቀደ።

ስለዚህ የተሻረውን የ2017 ደንብ የአሜሪካ ምክር ቤት በሕግ መልክ መልሶ ሊያጸናው፣ ዳኞችም የሚቀርብላቸውን ስምምነት ሁሉ ዳያን ሳይክስ እንደ መረመሩት ሊመረምሩት ይገባል። በዋሽንግተን፣ በሲያትል፣ በዳላስና በሌላውም የአሜሪካ ከተማ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ የጋራ ክስ ስምምነት ማስታወቂያ በፖስታ ወይም በኢሜል ሲደርሳችሁ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ አታላዮችም በዚህ መልክ ይመጣሉና እውነተኛነቱን በፍርድ ቤቱ መዝገብ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ለጠበቃው ስንት፣ ለእናንተ ስንት እንደሚደርስ አንብቡ፤ ፍርደ ገምድል መስሎ ከታያችሁም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ተቃውሟችሁን ለዳኛው በጽሑፍ አቅርቡ።