ጆሮውን የሚደፍን ተማሪ ባለጌ ነውን?

ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ፥ ደወል ሲደወል፥ 60 ልጆች ባንድ ድምፅ ፊደል ሲቈጥሩ ጆሮውን ደፍኖ ከዴስኩ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። አንድ ደቂቃ እንኳ ረግቶ መቀመጥ የሚያቅተውም አለ። ለሁለቱም የምናወጣላቸው ስም አንድ ነው፤ ባለጌ። መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ ኩርኩም። እኛ ግን ይህ ፍርድ ከዕውቀት የራቀ ነው እንላለን።

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ባስታወቀ ጊዜ፥ ከነዚያ ልጆች አንዳንዶቹን ከፍ ያለ ድምፅ እንደሚያስደነግጣቸው መዝግቦ ነበር። ነገር ግን ለድምፅ፥ ለብርሃንና ለንክኪ ከመጠን በላይ ወይም በታች መሰማት ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ሆኖ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በግልጽ የሰፈረው በ2013 ነው። በመካከሉ 70 ዓመት አለፈ። በዚያም ዘመን ጥፋቱ ልጇን የማትወድ እናት ነው እየተባለ ስንቷ እናት ያለ በደሏ ተወቀሰች! በኛም አገር እርግማን ነው የሚለው ቃል ገና ከአፍ አልጠፋም።

ዛሬ ነገሩ ከአንጎል እየተጠና ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት፥ ኦቲዝም ያለባቸውና ድምፅና ንክኪ የሚከብዳቸው ልጆች አሚግዳላ፥ ማለት አደጋን የሚያስጠነቅቀው የአንጎል ክፍል፥ ጫጫታው ሲደጋገም ቶሎ እንደማይለምደው አሳይተዋል። እኛ ደወሉን ከሰማን በኋላ እንረሳዋለን፤ ለዚያ ልጅ ግን ደወሉ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ረግቶ መቀመጥ ስለሚያቅተው፥ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ስላለበት ልጅ ደግሞ በ2007 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የአንጎሉ ውጫዊ ሽፋን ከእኩዮቹ 3 ዓመት ያህል ዘግይቶ ይበስላል፤ መዘግየቱ ጎልቶ የታየውም ትኩረትንና ራስን መግዛትን በሚመራው በግንባር በኩል ባለው ክፍል ነው። እንግዲህ ያልደረሰን ፍሬ በዱላ ማብሰል ይቻላልን?

«እንዲህ ከሆነ ልጆቹ ሁሉ በመሣሪያ አንጎላቸው ይታይ» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። በ2017 ከ3,000 በላይ ሰዎች አንጎል የተነጻጸረበት የኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ጥናት ልዩነት መኖሩን ቢያረጋግጥም፥ ልዩነቱ ጥቂትና የብዙዎች አማካይ ነው። የአንድን ልጅ አንጎል በፎቶግራፍ አንሥቶ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አለበት ወይም የለበትም ማለት አይቻልም። ስለዚህ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን አስተዋይ የመምህር ዓይን ነው።

«ክፍሉ ተጨናንቋል፤ ገንዘብም የለም» ለሚሉትም መልስ አለን። ልጁን ከደወሉና ከበሩ አርቆ ማስቀመጥ ስንት ብር ይፈጃል? ደወሉ ከመደወሉ በፊት ቀድሞ መንገር፥ ትእዛዝን አሳጥሮ አንድ በአንድ መስጠት፥ የሚቅበጠበጠውን ልጅ ተነሥቶ ሰሌዳ እንዲያጠፋ መላክ፥ ይህ ሁሉ ልብን እንጂ በጀትን አይጠይቅም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ ሕመሙ የማይሰማን እኛ ስለሆንን ኩርኩሙ ይቀለናል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በ2021 እስካረፉ ድረስም ለሌሎች እናቶች ልጆች ደከሙ። አንዲት እናት ይህን ያህል ከሠራች፥ መምህርና ሐኪም የሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ይገባዋልን?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ለመምህርነት የሚሠለጥን ተማሪ ሁሉ ስለነዚህ ልጆች አንድ ኮርስ ሳይወስድ፥ አንድ ወርም ከነርሱ ጋር ሳይውል አይመረቅ። እኛም የተማሪዎች ማኅበር አባሎች በዕረፍት ጊዜያችን በአካባቢያችን ያሉትን ማዕከሎች እናግዝ። መምህሮቻችን ሆይ፥ ሐሳባችን ጐደሎ ከሆነ አርሙን፤ ልክ ከሆነ ግን በሚቀጥለው የፋኩልቲ ስብሰባ አንሡልን። ልጁ አሁንም ከዴስኩ ሥር ነው።