ድልድዩን ሲሻገር ወንጀል የሚሆን ጠመንጃ

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተነስቶ በዉድሮ ዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ መሻገር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። መኪናው ያው ነው፤ ሾፌሩም ያው ነው። ከኋላ የተጫነው ጠመንጃ ግን ወንዙን ሲያልፍ ሌላ ስም ያገኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ከሱቅ የተገዛ የክላሽ ዓይነት ጠመንጃ፣ ሜሪላንድ ሲገባ የተከለከለ መሣሪያ ነው። ይዞት የገባው ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት፣ እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። ማንንም አልጎዳም፤ ማንንም አላስፈራራም። ጥፋቱ ድልድዩን መሻገሩ ነው።

«አሜሪካ ውስጥ መሣሪያ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው» የሚለው የካፌ ወሬ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለይ። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ማለት ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ፣ ቀጣዩን ጥይት ግን ራሱ የሚያጎርስ ነው። ሀገር ቤት የሚታወቀው፣ ቃታው እንደተያዘ የሚያንጣጣው ክላሽ ከዚህ ይለያል። እንዲህ ያለው መሣሪያ አዲስ ተመርቶ ለሲቪል እንዳይሸጥ የፌዴራል ሕግ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሩን ዘግቷል። ክርክሩ ያለው በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ነው።

ካሊፎርኒያ በ1989 ከከለከለች ወዲህ አስር ያህል ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ተከትለዋል። ግን የተከለከለው ምንድን ነው? መልሱ በየግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድ በስም ዘርዝራ ትከለክላለች፤ ኤኬ-47 በየትኛውም መልኩ ክልክል ነው፤ የኮልት ኤአር-15ም ክልክል ነው፤ «ስፖርተር ኤች-ባር» የተባለው ወፍራም አፈሙዝ ያለው የኮልት ሞዴል ግን ተፈቅዷል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ክፍሎቹን ትቆጥራለች፦ ካዝናው ተነቃይ ከሆነ፣ ታጣፊ ሰደፍ ወይም እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ እጀታ ወይም የተኩስ ብልጭታ መቀነሻ ሲጨመርበት ክልክል ይሆናል። ዋሽንግተን ግዛት በ2023 ሽያጩን አግዳ ቀድሞ የገዛው ሰው እንዲያስቀምጠው ፈቀደች። ኢሊኖይ በዚያው ዓመት ከልክላ የነበረው ሰው እስከ ጥር 1 ቀን 2024 እንዲያስመዘግብ አዘዘች።

ያው ጥይት፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ጉዳት። ሕጉ የሚያየው ግን እጀታውን ነው። ገዳይ የሚያደርገውን ትቶ አስፈሪ የሚያስመስለውን የሚቆጥር ሕግ አደገኛውን ሰው አይዝም፤ የሚይዘው ያልሰማውን ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? የኮንግረስ ነው። በ1994 ለመላው አገሪቱ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ 10 ዓመት ገድቦለት በ2004 ሲያበቃ ዝም ብሎ አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ ከየጅምላ ግድያው በኋላ ሐዘን ይገለጻል፣ ንግግር ይደረጋል፤ እነዚህን ጠመንጃዎች ለመላው አገሪቱ የሚዳኝ አንድ ሕግ ግን የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 የሜሪላንዱን ክልከላ የሚቃወመውን ይግባኝ አላይም አለ። ዳኛ ካቫኖ ጉዳዩ በቅርብ ዓመታት መታየት እንዳለበት ጽፈዋል። እስከዚያው ሕዝቡ በግምት ይኑር ማለት ነው።

«ግዛቶች የየራሳቸውን ሕግ ማውጣት መብታቸው ነው» የሚሉ አሉ። ለአደን ፈቃድና ለተኩስ ሜዳ ደንብ ልክ ናቸው። አንድ ዕቃ እዚህ ንብረት፣ 10 ደቂቃ ርቆ የእስር ምክንያት ሲሆን ግን ችግሩ ከመብት ያልፋል። የፌዴራሉ የመተላለፊያ ሕግም ቢሆን የሚጠብቀው ጠመንጃው ጥይት ሳይጎርስ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ፣ ከተፈቀደበት ቦታ ወደ ተፈቀደበት ቦታ የሚያልፈውን ሰው ነው። መድረሻው ሲልቨር ስፕሪንግ የሆነውን አይጠብቅም።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነገሩ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቤቱ ቨርጂኒያ፣ ሥራው ዲሲ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሜሪላንድ የሆነ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ሥር ያልፋል። ወረቀቱም አለ። ያለ ፈቃድ የሚኖር ሰው ጭራሽ ጠመንጃ መያዝ አይችልም፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለውም እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ነገር ግን የኢሚግሬሽን ሕጉ በጦር መሣሪያ ጥፋት የተፈረደበትን ዜጋ ያልሆነ ሰው ለመባረር ያጋልጠዋል። ዜጋው ቅጣቱን ጨርሶ ቤቱ ይገባል፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ቤቱን ራሱን ሊያጣ ይችላል።

ታዲያ በቲክቶክ «ግዙ፣ መብታችሁ ነው» የሚሉ መካሪዎች በማን ኑሮ ነው የሚቀልዱት? ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል። ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም። ከመግዛት በፊት የግዛቱን ፖሊስ መመሪያ ማንበብ፣ ዜጋ ያልሆነ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ መጠየቅ የግድ ነው።

ኮንግረስ ይፍቀድ ወይም ይከልክል፤ ግን ጠመንጃውን በመልኩ ሳይሆን በሚያደርሰው ጉዳት መዝኖ፣ ከድልድዩ ወዲህም ወዲያም የሚሠራ አንድ ትርጉም ይስጥ። ወንጀል የሚባለው ነገር በወንዝ መወሰን የለበትም።