ከኋላችን ለሚመጣው ሰው



በዚህ ገጽ ላይ በገዛ እጃችን ልንሠራቸው ስለምንችላቸው የቤት ሥራዎች ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ የመኪናን የኋላ መብራት ስለመቀየር እናወራለን። «መኪና የሌለኝ ሰው ይህን አንብቤ ምን ይረባኛል?» የሚል አይጠፋም። ጥቂት ይታገሠን። ጉዳዩ ከመብራት አልፎ የሰው ሐቅ ውስጥ የሚገባ ነውና።

መኪናዬ ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ኮሮላ ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለችንን አሮጌ መኪና ተንከባክቦ መያዝ ለብዙዎቻችን ግዴታ ሆኗል። የሁለቱም የኋላ መብራቶች ሽፋን ተሰንጥቆ ዝናብ እየገባበት፣ የአምፑሉ ቤት ዝጎ ነበር። ወደ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የኦሪጅናሉ ዋጋ ለመምህር ኪስ አልሆነም። ስለዚህ ኮፒ የሚባለውን ጥንድ መብራት ገዛሁ። ኤሌትራውቶ ዘንድ ወስጄ ለማስገጠም ደግሞ ገንዘቡ አሳሳኝ። እውነቱን ለመናገር ከገንዘቡ ይልቅ ኩራቱ ነበር። ለተማሪዎቼ ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የማስተምር ሰው ሆኜ አራት ሽቦ መቀጠል እንዴት ያቅተኛል?

ጊዜው ረመዳን ነበር። ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ፖርታባጋልዮውን ከፍቼ የውስጡን ልባስ ገለጥኩና ዳዶዎቹን በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትቼ አሮጌዎቹን አወጣሁ። የአዲሱ ሶኬት ከመኪናዋ ሶኬት ጋር አልገጥም አለ። ስለዚህ ሶኬቱን ቆርጬ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መቀጠል ጀመርኩ። ቀለማቸው ግን አይመሳሰልም። ማሳውን አገኘሁ፤ የፍሬቻውንም አገኘሁ። የቀሩትን ሁለቱን፣ ማለትም የፓርኪንጉንና የፍሬኑን፣ በግምት ቀጠልኳቸው። የግራውን እንደጨረስኩ የቀኙንም በዚያው ዓይነት ሠራሁት።

ከዚያም የዘጠኝ ዓመቷን ልጄን ከመኪናው ኋላ አቆምኳትና ፍሬን ረገጥኩ።

«በራ?»

«በርቷል አባ!»

ፍሬኑን ለቅቄ የፓርኪንጉን መብራት አበራሁ።

«በራ?»

«በርቷል!»

ፍሬቻውም በግራና በቀኝ ብልጭ ድርግም አለ። በቢስሚላህ የጀመርኩትን በአልሐምዱሊላህ ዘጋሁ። ለባለቤቴም «ይኸው፣ ስንት ብር አዳንኩ!» ብዬ ጉራ ቢጤ ነዛሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ከተራዊሕ ስንመለስ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝተዋል። አንድ ሽማግሌ ሊሻገሩ ወደ መንገዱ ሲገቡ አይቼ ፍሬን ያዝኩ። ወዲያው ከኋላችን «ግው!» የሚል ድምፅ መጣ። ሚኒባስ ታክሲ ነው የገጨን። አልሐምዱሊላህ፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። የኔ መኪና የኋላ መከላከያ ተጣመመ፤ ከእሱም የፊት መብራት አንዱ ተሰነጠቀ።

ሾፌሩ ወጣት ነው። ወርዶ «ወንድሜ፣ ፍሬን ስትይዝ አይታይም እኮ!» አለኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ «ገና ሦስት ቀኑ ነው፣ አዲስ መብራት ነው የገጠምኩት! ና ራስህ እይ!» አልኩት። መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ ፍሬኑን ረገጥኩለት። በጨለማው ውስጥ ቀይ ሆኖ በራ። ልጁ አየና ዝም አለ። በዙሪያችን የቆሙትም «ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው» ብለው ፈረዱበት። የዕለት ገቢውን ከኪሱ አውጥቶ ቆጠረና 2,000 ብር ሰጠኝ። ቢጎድል እንድደውልለትም ስልኩን አስጻፈኝ። አሸንፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ከሱብሒ ሰላት ስንወጣ በሰፈራችን የታወቁት አዛውንት ኤሌትራውቶ ጠሩኝ።

«ኡስታዝ፣ ትናንት ማታ ወደ መስጂድ ስትመጣ ከኋላህ ነበርኩ። ፍሬን ስትይዝ መብራትህ አይለወጥም። እስቲ አብራው።»

«አባባ፣ አዲስ ነው እኮ፤ ሞክሬዋለሁ» አልኳቸው።

«ፓርኪንጉን አብራና ከዚያ ፍሬን ርገጥ።»

እሳቸው እንዳሉት አደረግሁ። ራሳቸውን ነቀነቁና ቦታ ተለዋወጥን፤ እሳቸው ረገጡ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ አየሁ። ያን ጊዜ እውነቱ ታየኝ።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የፓርኪንጉና የፍሬኑ መብራት የሚበራው በአንድ አምፑል ነው። በአምፑሉ ውስጥ ሁለት ክሮች አሉ። አንዱ 5 ዋት ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን እየሰጠ ማታ ማታ ያለማቋረጥ ይበራል። ሁለተኛው 21 ዋት ነው፤ ፍሬን ስንረግጥ ደምቆ ይወጣል። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር መቆማችንን የሚያውቀው ከዚህ ልዩነት ነው። እኔ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሬ ስለቀጠልኳቸው ማታ ማታ 21 ዋቱ ደምቆ ይውላል፤ ፍሬን ስይዝ ደግሞ በደማቁ ላይ 5 ዋት ብቻ ይጨመራል። ይህን ደግሞ ዓይን አይለየውም። መኪናዬ አሮጌ ስለሆነች በኋላ መስታወቷ ላይ ሦስተኛ የፍሬን መብራት የላትም። ስለዚህ ያ ወጣት ከፊቱ ያየው እየተጓዘች ያለች መኪና ነው። እኔ ደግሞ መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ ያሳየሁት ማስረጃ ሐሰት ነበር፤ 5 ዋቷ በጨለማ ብቻዋን ስትበራ ጤነኛ መስላ ነበር።

አዛውንቱ በ20 ደቂቃ ሽቦዎቹን አስተካከሉልኝ። ዋጋ ስጠይቃቸው «ዱዓ አድርግልኝ» ብለው ሄዱ። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ ካለው 2,000 ብር ጋር ቀረሁ።

ሸይጧን ምክንያት አያልቅበትም። «እሱስ ቢሆን ርቀቱን መች ጠበቀ? ሕዝቡስ አልፈረደበትም? እኔስ መች ሆን ብዬ አታለልኩ?» እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት አረፈድኩ። ነገሩን ለባለቤቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገንዘቡ የማን ነው?»

ያን ጊዜ ቡኻሪና ሙስሊም ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲስ ትዝ አለኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተሟጋቾች ወደ እሳቸው ሲመጡ አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፣ እሳቸውም በሰሙት መሠረት እንደሚፈርዱ፣ በዚህ ምክንያት የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው ግን የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን እንዲያውቅ አስጠንቅቀዋል። የአላህ መልእክተኛ ፍርድ እንኳ የሰውን ሐቅ ሐላል የማያደርግ ከሆነ የመንገድ ላይ ተሰብሳቢ ፍርድ ምን ያደርግልኛል? እሱ ርቀት አለመጠበቁ በእሱ በኩል የሚጠየቅበት ይሆናል። እኔ ግን ገንዘቡን የወሰድኩት በዚያ ምክንያት አይደለም፤ መብራቴ ደህና ነው ብዬ ነው።

ደወልኩለት። ድምፄን ሲሰማ «ወንድሜ፣ ወላሂ ሌላ ገንዘብ የለኝም» አለ። የሚጨመር ልጠይቀው መስሎት ነው። ታክሲ ተራው ድረስ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። 2,000 ብሩንና የተሰነጠቀውን የፊት መብራቱን ዋጋ ሰጥቼ ዐፉ እንዲለኝ ለመንኩት። ጥቂት ዝም አለና «ገንዘቡስ ይሁን። ለባለ መኪናው ደውልልኝ። ያንቀላፋሁ መስሎታል፤ ቁልፉን ሊቀበለኝ ነው» አለኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የወሰድኩት 2,000 ብር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የልጁን ስምና እንጀራውንም ነክቻለሁ። እዚያው ቆሜ ለባለ ንብረቱ ደወልኩና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ መብራቴን አዛብቼ ቀጥዬ ነው» አልኩት። ገንዘብ መመለሱ ቀሎኝ ነበር፤ እቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግን አንደበቴ ከበደኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ዛሬም በዚያው ታክሲ ላይ ይሠራል። ስንገናኝም በጥሩምባ ሰላም ይለኛል።

እንግዲህ ይህን ሥራ በቤታችሁ ለመሥራት የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኔ በስሕተት የተማርኩትን እናንተ በንባብ ውሰዱት፦

1ኛ. ስትገዙ ሽፋኑን አገላብጡ። በክብ ውስጥ ያለ «ኢ» ከቁጥር ጋር፣ ወይም «ኤስ.ኤ.ኢ.» የሚሉ የላቲን ፊደሎች ተቀርጸውበት እንደሆነ ተመልከቱ። የመጀመሪያው በአውሮፓ፣ ሁለተኛው በአሜሪካ የመብራት ደንብ የተሠራ ዕቃ የሚይዘው ምልክት ነው። ምልክቱን የሚያስመስሉ ስላሉ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ባትሪ ሲሞት እንኳ የሌላውን መኪና ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቀው ቀይ አንጸባራቂ መኖሩንም አረጋግጡ።

2ኛ. ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍቱ። ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ ፊውዝ ከመቃጠል ትድናላችሁ። ለሙከራ ብቻ መልሳችሁ ግጠሙት።

3ኛ. ከተቻለ ሶኬት አትቁረጡ፤ የሚገጥመውን ፈልጉ። መቁረጥ ግድ ከሆነ በሽቦ ቀለም አትመኑ። የመሞከሪያ አምፑል ያዙና አንድ ሰው ፍሬን ሲረግጥ የትኛው ሽቦ እንደሚያበራ፣ ፓርኪንግ ሲበራ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ቀጥሉ። መገጣጠሚያውንም በስታኞ በይዳችሁ በደንብ ሸፍኑት፤ ናስትሮ ብቻውን በጊዜ ብዛት ይላቀቃል።

4ኛ. ባለ ሁለት ክሩ አምፑል በጎኑና በጎኑ ያሉት ሁለት ጉጦች ከፍታቸው የተለያየ ነው። ይህም ተገልብጦ እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አልገባ ካለ አዙሩት እንጂ በጉልበት አትግፉት፤ ጉጡንም በሞረድ አትብሉት።

5ኛ. ማሳው የሚታሰርበትን ብረት ከዝገት አጽዱ። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ፈዘዝ ብሎ ከበራ ወይም ፓርኪንጉ ከደበዘዘ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሳ ነው።

6ኛ. በመብራቱና በአካሉ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን አትርሱ። ዳዶዎቹን ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ፤ የፕላስቲክ ጉጥ በቀላሉ ይሰበራል። ሲያልቅ ውኃ አፍስሱበትና ወደ ፖርታባጋልዮው መግባት አለመግባቱን እዩ።

7ኛ. ከሁሉም በላይ፣ በጨለማ ሁሉንም አንድ ላይ ሞክሩ። ፓርኪንጉን አብሩ፤ በእሱ ላይ ፍሬን ርገጡ፤ ፍሬኑን ሳትለቁ የግራና የቀኝ ፍሬቻ አብሩ፤ በመጨረሻም የኋላ ማርሽ አስገቡ።

ለወጣቶቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። የኋላ መብራትን ለማማር ብሎ ጥቁር ቀለም መቀባት ወይም የጠቆረ ሽፋን መግጠም እየተለመደ ነው። ይህ በቀን ፀሐይ የፍሬን መብራትን ይደብቃል። ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው መብራት ግን በትክክል የተሠራ ከሆነ ጥቅም አለው። የክር አምፑል ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠት 0.2 ሴኮንድ ያህል ሲፈጅበት ኤል.ኢ.ዲ. ወዲያው ይበራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚያች ቅጽበት ከ4 ሜትር በላይ ይሄዳል። ኤል.ኢ.ዲ. ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ ፍሬቻው ከመጠን በላይ ሊፈጥን ይችላል። ለዚህ የሚገጠመው ሬዚስተር በጣም ስለሚግል ከብረት ላይ እንጂ ከፕላስቲክ ወይም ከሽቦ ጋር አታስጠጉት።

ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እሾህና ድንጋይ ማንሳቱን እናውቃለን። የኋላ መብራትንም ከዚሁ ብንቆጥረው ከእውነት አንርቅም። የፊት መብራት ለራሳችን መንገድ ያሳየናል። የኋላውን ግን ነድተን አናየውም፤ ሙሉ ለሙሉ ከኋላችን ለሚመጣው ሰው የተሰጠ ሐቅ ነው። ስለዚህ ደህና መሆኑን ከእሱ ወገን ቆሞ የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው ሲናገረንም፣ እንደ እኔ ደማችን ሳይፈላ፣ መስማት አለብን።

አዛውንቱ ሽቦውን ባስተካከሉ ማታ ልጄን እንደገና ከመኪናው ኋላ አቆምኳት። ያን ጊዜ «በራ?» ስላት «በርቷል» ብላ የመለሰችልኝ እውነት ነበር፤ ጥያቄው ነበር የጎደለው። አሁን ፓርኪንጉን አብርቼ ፍሬን ረገጥኩና «ምን ተለወጠ?» አልኳት።

«ኧረ አባ! ዓይኔን አጠፋኸው!» አለችኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ሐቅ ከመዳፈር ይጠብቀን። በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።