ዳኛውን ማን አመጣው?

አንድ የሱሉልታ አርሶ አደር መሬቱ ለልማት ተወሰደበት፤ በካሳው አልስማማ ብሎ የሸገር ከተማ አስተዳደርን ከሰሰ እንበል። አስተዳደሩን የሚመራው ገዢው ፓርቲ ነው። ዳኛውን የሾመው ጨፌ ኦሮሚያም በዚያው ፓርቲ እጅ ነው። ዳኛው የማንም አባል ላይሆን፣ በሕጉ ብቻ ሊፈርድም ይችላል። ሰውየው ግን ችሎት ሳይገባ "ይሄን ሰው ማን አመጣው?" ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 እንደሚለው የክልል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና ምክትል የሚያቀርበው ግን ርዕሰ መስተዳድሩ፣ በፌዴራል ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፖለቲከኛ ዳኛ ማጨቱ የኛ ብቻ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦባማ ያጯቸውን ሜሪክ ጋርላንድን ሪፐብሊካኖች የያዙት ሴኔት ድምፅ እንኳ ሳይሰጥባቸው አስቀራቸው። አስቀያሚ ነበር፤ ግን ቢያንስ የሚከራከር ወገን ነበር። እኛ ዘንድ እሱም የለም። በ2007 ምርጫ 547ቱም የፓርላማ ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በ2013 ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ወጡ፤ ጨፌው ያለ ጠንካራ ተፎካካሪ ተሞላ። ታዲያ እጩውን የሚያፋጥጥ ከየት ይምጣ?

ጥር 9 ቀን 2015 የወ/ሮ መዓዛ አሸናፊና የምክትላቸው የአቶ ሰለሞን አረዳ መልቀቂያ ለፓርላማ ቀረበ። ተተኪዎቹ አቶ ቴዎድሮስ ምሕረትና ወ/ሮ አበባ እምቢአለ በዚያው ስብሰባ ተሾሙ። ስለ ችሎታቸው አይደለም የምናገረው። ለአገሪቱ ትልቁ የዳኝነት ወንበር እጩውን የምናውቅበት አንድ ሳምንት እንኳ አልተሰጠንም።

ተሹሞ የደፈረም ዳኛ አልጠፋም። ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ስትለቅ ወዲያው መልሰው አሰሩት፤ ቀጥሎም በሙስና ለተጠረጠረ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። ያንን ያየ ዳኛ ሁለቴ ያስባል።

ሹመቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጽደቅ የሚሉ አሉ። ሁሉም ወንበር ለማለት ይቻላል የአንድ ፓርቲ ሲሆን ሁለት ሦስተኛ ምን ይፈይዳል? እኔ የምለው ቀለል ያለ ነው፦ የእጩው ስምና የሥራ ታሪክ ከአንድ ወር በፊት ይውጣ፣ ጠበቃውም ባለጉዳዩም አስተያየት ይስጥ፣ እጩው ራሱ በቋሚ ኮሚቴ ፊት በቀጥታ ስርጭት ይጠየቅ። በመንግሥት ላይ የፈረደበት መዝገብ ካለም እሱ ይነሳ። ለዚህ ሕገ መንግሥት መነካት የለበትም፤ ጨፌውም ፓርላማውም በአሠራር ደንባቸው ሊወስኑት ይችላሉ።