ተቀዶ ስለሚሸጥ ሱሪ

ልብስ ለሰው ልጅ ገላውን ከብርድና ከፀሓይ እንዲጠብቅለት፥ ነውሩንም እንዲሸፍንለት የተሰጠ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚህ ዘመን ግን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ ጉልበቱ የተቀደደ፥ ጭኑም እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጂንስ ሱሪ መልበስን እንደ ትልቅ ጌጥ ቆጥረውታል። ሱሪውም ከመለበስ ብዛት ያለቀ አይደለም፤ ገና አዲስ ሳለ በፋብሪካ ተቀዶ የሚሸጥ ነው እንጂ።

ተማሪው በጓደኞቹ መካከል ሳለ ይደነቅ ይሆናል፤ ጭንቁ የሚመጣው ለበዓል ወደ አገሩ የገባ ዕለት ነው። እናቲቱ ጉልበቱን ባየች ጊዜ፤ «ልጄን ምን አገኘብኝ? ውሻ ነከሰህን? ወይስ የላክሁልህ ገንዘብ አልደረሰህም?» ብላ ታለቅሳለች። «ፋሽን ነው» ቢላት፥ ፋሽን የሚባለውን በሽታ ስለማታውቀው ጠበል እንዲጠመቅ ትመክረዋለች። ሌሊትም እርሱ ሲተኛ ከአሮጌ ቀሚሷ እራፊ ወስዳ ቀዳዳውን ሁሉ ስትጥፍ ታድራለች። ማለዳ ተነሥቶ የሚጮኸውን ጩኸት ግን ሱሪው የተሰረቀበት ሰው እንኳ አይጮኸውም።

የሱሪው ታሪክ ሲመረመር ነገሩ ይልቁን ያስቃል። በአሜሪካ ሬኖ በምትባል ከተማ ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊ ነበር። የአንድ እንጨት ቆራጭ ሚስት ለባሏ የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት ብትለምነው፥ የኪሱን ማዕዘን በመዳብ ምስማር አጠበቀው። ከዚያም ሌቪ ስትራውስ ከተባለው ነጋዴ ጋራ ተባብሮ በ1865 ዓ.ም. የፈጠራውን መብት ከመንግሥት ተቀበለ። እንግዲህ ጂንስ ስሙ የተጠራው ባለመቀደዱ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚከበረው በመቀደዱ ሆነ።

አዲሱን ጨርቅ አሮጌ ማስመሰል ደግሞ ያለ ጉዳት የሚሠራ ሥራ አልነበረም። በቱርክ አገር ሠራተኞች በብርቱ ነፋስ አሸዋ እየረጩ ጂንሱን ይፍቁት ነበር። ትቢያው ወደ ሳንባቸው እየገባ፥ ሲሊኮሲስ በሚባል መድኃኒት በሌለው በሽታ ብዙ ወጣቶች ታመሙ፥ የሞቱም አሉ፤ ስለዚህ የቱርክ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ይህን አሠራር ከለከለ።

በአገራችን የተማሪ ልብስ መቀደዱ አዲስ ነገር አይደለም። ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ደበሎው ቢተለተል፥ የመንደር ውሻና የመንገድ እሾኽ የተለተለው ነው እንጂ በገንዘቡ ያስቀደደው አይደለም። ዛሬም በዩኒቨርሲቲው በአንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ፥ አንዱ ተማሪ ተቀዶ የተሸጠውን ሱሪ ሲሰቅል፥ ከገጠር የመጣው የድኻ ልጅ ያለችውን አንዲት ሱሪ ሰው እንዳያየው ተደብቆ በመርፌ ይጠቅማል። ለአንዱ ቀዳዳው ጨዋታ ነው፤ ሲሰለቸው ይጥለዋል፤ ሌላው ግን ልጣለው ቢል አይቻለውም። የሚያስነቅፈውም የጉልበት መታየት ሳይሆን፥ ችግር በሌለበት ሰው ገላ ላይ የችግረኛው መልክ ጌጥ መሆኑ ነው።

ይህ ሲባል በዩኒቨርሲቲ በር ዘበኛ ቆሞ የተማሪን ጉልበት ይመርምር ማለት አይደለም፤ የተከለከለ ፋሽን ዕድሜው ይረዝማልና። የሚመክሩት ሽማግሎችም በ1960ዎቹ ዓመታት ስለ ቤል ቦቶም ሱሪና ስለ አፍሮ ጠጉር ከአባቶቻቸው ጋራ የተጣሉትን ጠብ ባይረሱ መልካም ነው። ተማሪው ግን ለቀዳዳ በሚያወጣው ገንዘብ ለዚያ ለጓደኛው ደኅና ሱሪ ቢገዛለት፥ የራሱንም እስኪያልቅ ድረስ ቢለብሰው ይሻላል፤ ቀዳዳው እንደሆነ ዋጋ ሳይከፈልበት በጊዜው ይመጣል።