ቤዝመንቱ ተከራየ፣ አየሩስ ተለካ?

አዲስ መጥ ሐበሻ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቤዝመንት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ የዘመድ ወይም የዘመድ ወዳጅ ቤት ይገኝለታል። ኪራዩ ይቀላል፣ ክሬዲት አይጠየቅም፣ አከራዩም አማርኛ ይናገራል። ትልቅ ውለታ ነው። ስለ ሬዶን ግን የሚያነሳ የለም።

ሬዶን ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። በአፈርና በዐለት ውስጥ ካለ ዩራኒየም ይመነጭና በወለል ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተት ወደ ቤት ይገባል። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፤ ምድር ቤት ውስጥ ግን ይጠራቀማል፣ በተለይ በብርዱ ወራት መስኮት ሲዘጋ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሬዶን ሳቢያ በዓመት 21,000 ያህል ሰው በሳንባ ካንሰር እንደሚሞት ይገምታል። ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው መንስኤ ነው፤ ለማያጨስ ሰው ደግሞ አንደኛው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ፔንስልቬኒያ ውስጥ ስታንሊ ዋትራስ በተባለ የኑክሌር ማመንጫ ሠራተኛ ላይ የጨረር ማንቂያው ይጮህ ጀመር። ማመንጫው ገና ኃይል ማመንጨት አልጀመረም ነበር። ሲጣራ ጨረሩን ይዞት የሚመጣው ከገዛ ቤቱ ኖሯል። አሜሪካኖች ነገሩን የምር የያዙት ከዚያ ወዲህ ነው።

"ስንት ዓመት ኖርንበት፣ ምን ሆንን?" የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ሬዶን ራስ አያሳምም፣ አያስነጥስም። ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ደህና ነኝ ማለት ተለክቷል ማለት አይደለም። የጎረቤት ውጤትም አያገለግልም፤ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ልኬታቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎምሪ ካውንቲ፣ ኤጀንሲው ከፍተኛ ሬዶን ይጠበቅባቸዋል ካላቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ካውንቲው ከ2016 ጀምሮ ቤት ሲሸጥ ሬዶን እንዲለካ ያስገድዳል፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ምድር ቤት የሚያከራይ ሰው ቀድሞ እንዲለካና ውጤቱን ለተከራዩ እንዲያሳይ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን በቃል ተስማምቶ በዜል የሚከፈልን ኪራይ ማን ይቆጣጠራል? ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ልጅስ ያስጠጋውን ሰው "ጋሼ፣ ቤትዎ ተለክቷል?" ብሎ እንዴት ይጠይቃል? ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ሸክሙ የአከራዩ ነው። ቤቱን ሲገዛ አስለክቶ ይሆናል፤ ማታ ማታ እዚያ የሚተኛው ግን እሱ አይደለም።

መለኪያው ከሃርድዌር መደብር በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገዛል። መስኮትና በር ተዘግቶ ለጥቂት ቀናት ይቀመጥና ወደ ላብራቶሪ ይላካል። ውጤቱ በሊትር 4 ፒኮኪዩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኤጀንሲው ቤቱ ይስተካከል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጠበቅ አድርጎ ወደ 2.7 ግድም ያወርደዋል። ማስተካከያውም ቤት ማፍረስ አይደለም፤ ከወለሉ ሥር ጋዙን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚለቅ ቧንቧና ማራገቢያ ነው። ወጪው የጥቂት ወራት የቤዝመንት ኪራይ ቢሆን ነው።

"ዋይፋይና መብራት ከኪራዩ ጋር" ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ አከራይ፣ ተከራዩ ባይጠይቀውም የልኬቱን ወረቀት ከቁልፉ ጋር ይስጠው።