እሳት ያላየው ቁርጥ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ካለ አንድ የሐበሻ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጥ መብላት ልማዴ ነበር። ያስተወኝ ሐኪም አይደለም፤ የከብት መድኃኒት መሸጫ ነው።

ናይሮቢዎች አግሮቬት ይሉታል። መኖ፣ የጎመን ዘር፣ የውሻ ሻምፑና አንቲባዮቲክ ጎን ለጎን ይደረደሩበታል። አንድ ቀን ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ላሙን እንደሚያስላት ሲናገር ሻጩ ኦክሲቴትራሳይክሊንና መርፌ አቀበለው። የሐኪም ወረቀት የጠየቀው የለም። ስንት ቀን እንደሚወጋት፣ ወተቷና ሥጋዋ እስከ መቼ መሸጥ እንደሌለበት የነገረውም የለም። በኤምፔሳ ከፍሎ ሄደ። እሱን መውቀስ ይከብደኛል፤ የእንስሳት ሐኪም ማስመጣት ገንዘብ ነው፣ ላሟ ደግሞ የቤቱ ደመወዝ ናት። ዝም ብሎ የሸጠውን ግን እወቅሳለሁ።

ጣጣው ከላሟ ጋር አያልቅም። ያለልክ የተሰጠ መድኃኒት ደካማውን ባክቴሪያ ይጨርስና ብርቱውን ለዘር ያስቀረዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ገና እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር። ወርልድ አኒማል ፕሮቴክሽን የተባለው ድርጅት ከኬንያ ሱፐርማርኬቶች የዶሮና የአሳማ ሥጋ ሰብስቦ ሲያስመረምር መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ተገኝተውበታል። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ከሚሸጠው! በዓለም ደረጃ እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተመራማሪዎች ገምተዋል።

ደግነቱ፣ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ እሳት አልለመደም። እኛ ዶሮ ወጥ ስንሠራ እንውላለን፤ ኬንያውያንም ኛማ ቾማ የሚሉትን ጥብስ ሥጋቸውን ከፍም ላይ ቶሎ አያወርዱም። (ጥሬ ሥጋ በቆረጠ ቢላ ካቹምባሪ የሚሉት የቲማቲም ሰላጣ ሲከተፍ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቲማቲሙን ማን ይጥበስልህ?) ቁርጥ በላተኛ ግን እሳት የሚባለው የመጨረሻ መከላከያ እንኳ የለውም።

ባለፈው ቅዳሜ ለአስተናጋጁ ይህን ላስረዳው ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት የታረደ ነው እኮ!»

ትኩስነቱን መቼ ጠረጠርኩ? ከመታረዱ በፊት ማን በምን እንደወጋው ነው እንጂ።

«እሺ፣ ለብለብ ላስደርግልዎ?»

ለብለብ ማለት እሳቱን ሰላም ብሎ ማለፍ ነው። ደረቅ ጥብስ አዘዝኩ፣ ደህና ተደርጎ የበሰለ። አዋዜውም ሚጥሚጣውም እንደ ወትሮው ቀረበልኝ። ዓይኔ ግን ከጎረቤቴ ትሪ ላይ አልነሳ አለ።